«ተፈጥሯዊ ነው» ብለን የተቀባነው ሲያሳክከን ምን እናድርግ?

የዓይኔ ቆብ ላይ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ትንሽ አሳከከኝ። በማግስቱ ቀላ፣ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ዓይኖቼ አብጠው በግድ ነው የተከፈቱት። አዲስ ክሬም አልተቀባሁም፣ ሳሙና አልቀየርኩም፣ አዲስ ምግብ አልበላሁም። «ምን አዲስ ነገር ነካሁ?» እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ስፈልግ ከረምኩ። ለካ ጥፋተኛው ለስድስት ወር ያህል ብጉሬ ላይ ስቀባው የኖርኩት ቲ ትሪ ኦይል የሚባል የተክል ዘይት ነው። መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ክዳኑ በደንብ ሳይገጠም የሚቀመጥ ትንሽ ብልቃጥ።

እነዚያ ሁለት ወራት የባከኑት ሁለት ነገሮችን አምኜ ስለነበር ነው። አንደኛው «ከተክል የተገኘ ነገር አይጎዳም» የሚለው ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አሁን ነቅቶበታል። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው፤ «ይሄን እኮ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፣ እሱ ሊሆን አይችልም» የሚለው። አለርጂ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ሰውነት አንድን ነገር ለመጥላት መጀመሪያ ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ ቆዳችሁ ሲቆጣ አዲስ የመጣውን ብቻ አትጠርጥሩ፣ የቆየውንም ጠርጥሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ ቢነገረኝ ብዬ የምመኘውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ አደገኛው

አብዛኛው የተክል አለርጂ ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ አይገድልም። ሊገድል የሚችለው አናፊላክሲስ የሚባለው፣ መላ ሰውነትን በድንገት የሚይዝ ከባድ አለርጂ ነው። አንድ ነገር ከበላችሁ ወይም ከጠጣችሁ በኋላ፣ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጉሮሮ ከጠበበ፣ ድምፅ ከሻከረ፣ ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካፏጨ፣ ራስ ካዞረ፣ ወይም የቆዳ ሽፍታ ከተደጋጋሚ ትውከትና ከከባድ የሆድ ቁርጠት ጋር አብሮ ከመጣ፣ «ትንሽ ልጠብቅና ልየው» አይባልም።

ለዚህ አደጋ የሚያዝ የአድሬናሊን መርፌ ያለው ሰው ወዲያው ጭኑ መሃል ላይ፣ በውጭ በኩል ይወጋ። ሱሪ ላይም ቢሆን ይወጋል። ከዚያ አምቡላንስ ጥሩ። በሽተኛውን በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ፣ ግን ተነስቶ አይቁም፣ አይራመድም፤ የደም ግፊቱ በወረደበት ሰዓት ድንገት መቆም ራሱ ሊገድል ይችላል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ከሌለና ሁለተኛ መርፌ ካለ ይደገም። የአለርጂ ክኒን፣ ማለትም አንቲሂስታሚን፣ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የጠበበ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ ደም ግፊትም አያነሳም። ስለዚህ ክኒኑን ሰጥታችሁ መጠበቅ ትልቅ ስህተት ነው። ሰውየው ቢሻለውም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ዙር ሊመጣ ይችላል።

እውነት አለርጂ ነው?

ሳማ የለበለበው ሰው «ለሳማ አለርጂ ነኝ» ቢል ልክ አይደለም። ሳማ ማንንም ይለበልባል። ጥቃቅን ፀጉሮቹ እንደ መርፌ ሆነው ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ቆዳ ውስጥ ይከታሉ፣ የእናንተ የሰውነት መከላከያ ምንም ድርሻ የለውም። እንደ ቁልቋል ያሉ ተክሎች ሲቆረጡ የሚያፈሱት ነጭ ወተትም እንደዚያው ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹህ ውሃ ታጥቦ ቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል፣ ምክንያቱም የዓይንን የፊት ሽፋን ይጎዳል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ ቆዳ ላይ አስሮ ማደርም ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ያቃጥላል። እነዚህ ሁሉ ቃጠሎዎች ናቸው እንጂ አለርጂ አይደሉም። መጠኑ ከበዛ ሁሉም ሰው ይቃጠላል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት አለ፣ ፀሐይን የሚጠብቅ። ሎሚ፣ ሴለሪ፣ የበለስ ቅጠል ወተት፣ ጤና አዳም፣ እነዚህ ውስጥ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ብርሃኑ ንጥረ ነገሩን ይቀሰቅሰዋል፣ እሱም ቆዳውን ያቃጥለዋል። ተንኮሉ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የማይለቅ ቡናማ ምልክት ይተዋል። ቅርጹ ይታወቃል፤ የፈሰሰ ጠብታ፣ መስመር፣ የጣት አሻራ። እናት ሎሚ ጨምቃ ሳትታጠብ ልጇን ፀሐይ ላይ ብታቅፈው ከቀናት በኋላ የጣቶቿ ቅርጽ ልጁ ክንድ ላይ ይወጣል። ሐኪሞች ይህን አይተው ልጁ የተመታ የመሰላቸው ጊዜም አለ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሎሚ ከነካችሁ ደጅ ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጤና አዳም ቆዳ ላይ አሽታችሁ ደግሞ ፀሐይ ላይ አትውጡ።

ታዲያ በምን ይለያሉ? ፍጹም መለያ የለም፣ ግን አለርጂ ከሁሉም በላይ ያሳክካል፣ ቃጠሎ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያማል፣ ይፈጃል። ቃጠሎ የነካው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ጠርዙ የተቆረጠ ይመስላል። አለርጂ ግን ድንበሩን ያልፋል፣ ያልነካችሁት ቦታም ይደርሳል።

ሰዓቱን ቁጠሩ

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ። አለርጂ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለው፣ ፈጣንና ዘገምተኛ።

ፈጣኑ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ ሁለት ሰዓት ይመጣል። ቆዳው እንደ ትንኝ ንክሻ ያብጣል፣ ከንፈር ያብጣል፣ አፍንጫ ይፈሳል። እያንዳንዱ እብጠት በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ግን ሊወጣ ይችላል። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ላቴክስ (ጓንትና ፊኛ የሚሠራበት ጎማ)፣ የአበባ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የሚመጡት።

ዘገምተኛው ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። ቀይ፣ የሚያሳክክ፣ ውሃ የሚቋጥር፣ ከዚያ የሚላጥ ሽፍታ ነው፣ ለሁለት ሦስት ሳምንትም ይቆያል። ክሬሞች፣ የዕፅዋት ዘይቶች፣ ሙጫዎች፣ የአትክልት ቦታ ተክሎች ባብዛኛው እዚህ ውስጥ ናቸው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሽፍታው ረቡዕ ጠዋት ሲወጣ ማክሰኞ ማታ የተቀባውን ይወቅሳል። መጠየቅ ያለበት ግን እሁድና ሰኞ ምን እንደነካ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዋና አስተማሪ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚበቅለው ፖይዝን አይቪ የሚባል ሐረግ ነው። ቅባቱ ኡሩሺኦል ይባላል፣ ስሙ የመጣው ጃፓኖች የእንጨት ዕቃ የሚያብረቀርቁበትን የዛፍ ሙጫ ከሚጠሩበት «ኡሩሺ» ከሚለው ቃል ነው። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካው ብዙውን ጊዜ ሽፍታው የሚወጣው ከ10 እስከ 21 ቀን ቆይቶ ነው፣ ሰውነቱ ጠላቱን እያጠና ስለሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነካው ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈነዳል። የማንጎ ዛፍና የካሹ ዛፍ ዘመዶቹ ናቸው። የማንጎ ልጣጭና የግንዱ ፈሳሽ፣ የጥሬ ካሹ ቅርፊት ተመሳሳይ ቅባት አላቸው። ማንጎን ከነልጣጩ ነክሰው የሚበሉ ሰዎች አፋቸው ዙሪያ የሚያሳክክ ሽፍታ የሚወጣባቸው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ሌላ ሰው ልጦ ካጠበላቸው ፍሬውን በሰላም ይበላሉ።

እንዲህ ዓይነት ተክል ከነካችሁ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ጥፍር ውስጥ ያለውን አትርሱ። ልብሱን፣ ጓንቱን፣ መቀሱን፣ የጫማውን ማሰሪያ፣ የውሻውን ፀጉር ሳይቀር እጠቡ፣ ቅባቱ ዕቃ ላይ ለወራት ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። ከቋጠረው ውሃ የሚፈሰው ፈሳሽ ግን ወደ ሌላ ሰው አይጋባም፣ ሰውነታችሁ ላይም አያስፋፋውም። የሚስፋፋ የሚመስለው ቆዳው ስስ የሆነበት ቦታ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ ወፍራሙ ስለሚዘገይ ነው። እነዚህን ተክሎች በፍጹም አታቃጥሏቸው። ጭሱ ቅባቱን ይዞ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ቦታውም ይናገራል

የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስሱ ነው። ስለዚህ በእጅ የተነካ፣ በፀጉር የተቀባ፣ በአየር ላይ የተረጨ ነገር ሌላ ቦታ ሳይታወቅ እዚያ ይታወቃል። የኔ ዘይት አገጬ ላይ ነበር የሚቀባው፣ ጣቴ ግን ወደ ዓይኔ ወሰደው። የዓይን ቆብ ካሳከካችሁ የዓይን ኩሉን ብቻ ሳይሆን የእጅ ክሬሙን፣ ሻምፖውን፣ የፀጉር ቅባቱንም ጠርጥሩ።

የጣት ጫፎች ተሰነጣጥቀው ደርቀው ከሆነ ምን እንደምትይዙ አስቡ። ነጭ ሽንኩርት የሚከትፉ ሰዎች የማይቆርጡበት እጅ ላይ፣ ሽንኩርቱን በሚይዙበት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ነው የሚወጣባቸው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ግራው ላይ ይወጣበታል ማለት ነው። የላቴክስ ጓንትም አያድንም፣ ንጥረ ነገሩ ሰርጎ ያልፋል። አበባ የሚያሰናዱ ሠራተኞች ደግሞ ከቱሊፕ አበባ ሽንኩርት መሰል ሥርና አልስትሮሜሪያ ከሚባለው አበባ ተመሳሳይ የጣት ችግር ያገኛቸዋል።

ፊት፣ አንገትና ክንድ፣ ማለትም ልብስ የማይሸፍነው ሁሉ ከተቆጣ ጥፋተኛው አየር ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። ፓርቲኒየም የሚባለው አረም በዚህ የታወቀ ነው፣ ደርቆ ሲደቅቅ ብናኙ በነፋስ ይሄዳል። ፀሐይ ከሚያመጣው ሽፍታ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለያ የሚሆኑ ቦታዎች አሉ፤ ከአገጭ ሥር፣ ከጆሮ ጀርባና የዓይን ቆብ ላይ ፀሐይ ብዙም አይደርስም፣ ብናኝ ግን ይደርሳል። ፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ ላይ ልክ በፕላስተሩ ቅርጽ ከቀላ ደግሞ ማጣበቂያው ውስጥ ያለ የጥድ ሙጫ ሊሆን ይችላል። ይኸው ሙጫ፣ ኮሎፎኒ የሚባለው፣ ፀጉር መንቀያ ሰም ውስጥም፣ የቫዮሊን ቀስት የሚታሽበት ውስጥም አለ።

ብልቃጦቹን አውጥታችሁ ደርድሩ

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የምትቀቡትን፣ የምትታጠቡበትን፣ የምታሸቱትን፣ እንደ ሻይ የምትጠጡትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። «ይሄማ አይሆንም» ብላችሁ አታስቀሩ።

የዕፅዋት ዘይቶችን ለብቻ አስቀምጡ። ቲ ትሪ፣ ላቬንደር፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ እነዚህ አዲስ ሲሆኑና ሲያረጁ አንድ አይደሉም። አየርና ብርሃን ሲያገኛቸው ውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ይለወጣል፣ ከአዲሱ ይልቅ አለርጂ የሚያስይዘውም የተለወጠው ነው። ላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሉል፣ ብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያለው ሊሞኔን ለብቻቸው ደካማ ናቸው፣ አየር ሲመታቸው ነው የሚከፉት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ብልቃጡ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። የቆየውን ያለ ሐዘን ጣሉት። ደግሞም በፍጹም ሳታቀጥኑ አትቀቡ።

ካሞሚል፣ አርኒካ፣ ካሌንዱላ፣ ኤኪናሺያ የሚሉ ስሞች ካያችሁ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን እወቁ። የሱፍ አበባም፣ ክሪሳንተመምም፣ ያ ፓርቲኒየምም ከዚሁ ዘር ናቸው። አንዱ የሚያስቆጣው ሰው ሌላውም ሊያስቆጣው ይችላል፣ «ቆዳ ያረጋጋል» ተብሎ የተሸጠለት ክሬም ራሱ ያባብስበታል። ለእንደነዚህ ያሉ አረሞች የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች የካሞሚል ሻይ ጠጥተው አናፊላክሲስ የደረሰባቸው ጊዜ አለ። አብሽም ከኦቾሎኒ ጋር አንድ የጥራጥሬ ቤተሰብ ነው፣ ለኦቾሎኒ አለርጂ የሆነ ሰው አብሽ የገባበትን የፀጉር ዘይትም ሆነ ሻይ በጥንቃቄ ይየው።

ፕሮፖሊስ የሚባለው ንቦች ከዛፍ እንቡጥ ሙጫ ሰብስበው ቀፎአቸውን የሚለስኑበት ነገር ነው። ከንፈር ቅባት ውስጥ፣ የጉሮሮ ከረሜላ ውስጥ ይገባል፣ የታወቀ አለርጂ አስያዥም ነው። የፔሩ በለሳን የሚባለውም እንዲሁ፤ ስሙ ፔሩ ይበል እንጂ የሚመጣው ከኤል ሳልቫዶር ዛፎች ነው። ለእሱ አለርጂ የሆነ ሰው ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ቫኒላም ሊያስቆጡት ይችላሉ።

ሂናን ለይቼ ላንሳው፣ ምክንያቱም ስሙ ያለ ጥፋቱ የጠፋ ተክል ነው። እውነተኛው ሂና አለርጂ የሚያስይዘው ከስንት አንዴ ነው። ቀለሙ ብርቱካናማ ቡናማ ነው፣ እስኪይዝም ሰዓታት ይፈልጋል። «ጥቁር ሂና» እየተባለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠቁረው ግን ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው። እሱ የሥዕሉን ቅርጽ ይዞ ቆዳውን ውሃ ያስቋጥራል፣ ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የፀጉር ቀለም መቀባት ላይችል ይችላል። ለሕጻን ልጅ «ለአንድ ቀን ብቻ ነው» ብላችሁ አትፍቀዱ።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ስታነቡ ደግሞ «ተፈጥሯዊ»፣ «ኦርጋኒክ»፣ «ሃይፖአለርጀኒክ» የሚሉትን ዝለሏቸው። ስለ አለርጂ ምንም ዋስትና አይሰጡም። «ሽታ አልባ» የሚለውም ያታልላል፣ አንዳንዴ ሽታውን የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ተጨምሮበት ነው። የምትፈልጉት «ምንም ሽቶ አልተጨመረበትም» የሚለውን ነው። ከዚያ ጀርባውን ገልብጡና በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አለርጂ የሚያስይዙ የሽቶ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ ድሮ 26 የነበሩትን እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደንብ ከ80 በላይ አድርጓቸዋል። ተቀብተነው ለሚቆይ ነገር ከ0.001 በመቶ፣ ለሚታጠብ ከ0.01 በመቶ ካለፈ ስሙ መጻፍ አለበት። ይህን ያህል ትንሽ መጠን ለምን እንደሚቆጠር አንዴ አለርጂ የያዘው ሰው ይገባዋል።

የተቆጣ ቆዳ ላይ ምግብ አትቀቡ

ይህን ጠበቅ አድርጌ ልበል፣ በተለይ ችፌ ያለባቸው ልጆች ላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 አካባቢ ጃፓን ውስጥ የተሰባበረ የስንዴ ፕሮቲን የገባበት የፊት ሳሙና ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለስንዴ አለርጂ አድርጓቸዋል። ያለ ችግር ስንዴ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በየቀኑ ፊታቸውን ሲታጠቡ ሰውነታቸው በቆዳ በኩል ስንዴን እንደ ጠላት ለመደው፣ ከዚያ ዳቦ ሲበሉ ያብጡ ጀመር። ቆዳ በተለይ ሲሰነጠቅ ወይም ሲቆስል በር ነው፣ በዚያ በር የገባ ምግብ አለርጂ ያስይዛል። በአፍ በኩል ሲገባ ግን ሰውነት ይላመደዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ሊፕ የተባለ ጥናት ለኦቾሎኒ አለርጂ የተጋለጡ ሕጻናት ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ ሲበሉ አለርጂው ከ80 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። (ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ አጀማመሩን ሐኪም ይምራው፣ ሙሉ ፍሬ ደግሞ ያንቃል።)

ስለዚህ የተሰነጠቀ የልጅ ቆዳ ላይ የኦቾሎኒ ዘይት፣ የአልሞንድ ዘይት፣ የአጃ ዱቄት አታሹ። ተራ ቫዝሊን ቀቡት። የአለርጂ ምርመራ የሚያደርጉ ሐኪሞች ራሳቸው የሚመረምሩትን ንጥረ ነገር ቫዝሊን ውስጥ ነው የሚያቀላቅሉት፣ ቫዝሊን ራሱ የሚያስቆጣው ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ።

አዲስ ነገር ከመቀባታችሁ በፊት

አንዴ ክንድ ላይ ነክቶ «ምንም አላደረገኝም» ማለት ሙከራ አይደለም። ዘገምተኛውን አለርጂ አይዝላችሁም። እንዲህ አድርጉ። ክርናችሁ የሚታጠፍበት ቦታ አጠገብ፣ በውስጥ በኩል፣ አምስት ሴንቲ ሜትር በአምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ምረጡ። ክሬሙን በቀን ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ አትታጠቡት፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ከቻላችሁ ለሁለት ሳምንት። ካሳከከ ወይም ከቀላ አቁሙ፣ መልሱን አግኝታችኋል። ይህ የሚሠራው ተቀብተውት ለሚቆይ ነገር ብቻ ነው። ሳሙናና ሻምፖ እንዲህ ቢቀቡ ማንንም ያስቆጣሉ፤ ያልቀጠነ የዕፅዋት ዘይትም እንዲሁ። ቅጠል ቆርጣችሁ በፕላስተር አስራችሁ «ልሞክረው» ማለት ደግሞ በፍጹም አይገባም፣ በዚያ ሙከራ ራሱ አዲስ አለርጂ መያዝ ይቻላል። ከዚህ በፊት ጉሮሯችሁን ያሳበጠ ነገር በምንም መንገድ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

አንድ በአንድ ጀምሩ። ሦስት ነገር በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው የትኛው እንዳስቆጣው በምን ያውቃል?

ከወጣ በኋላ

ሁሉንም አቁሙ፣ የምትወዱትንም። ፊትን በውሃ ብቻ፣ ካስፈለገም ሽቶ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርጉበት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያ ቫዝሊን። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ክሬም፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ቀላል የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ለጥቂት ቀናት ይረዳል፣ ከእሱ የጠነከረ የስቴሮይድ ክሬም ግን ያለ ሐኪም ፊት ላይ አይቀባም። አንቲሂስታሚን ፈጣኑን ዓይነት በደንብ ያስታግሳል፣ ዘገምተኛው ላይ ግን ብዙም ኃይል የለውም፤ «ክኒን ወስጄ አልተሻለኝምና አለርጂ አይደለም» ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

በጣም የምለምናችሁ፣ በተቆጣ ቆዳ ላይ ሌላ ቅጠል አትጨምሩ። እሬት እንኳ፣ መሃሉ ያለው ግልጽ ጄል ባብዛኛው ምንም ባይል፣ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ያስቆጣል። እኔ የዓይኔን ቆብ ለማስታገስ የካሞሚል ውሃ አድርጌበት ነበር። ሳምንት ጨመረልኝ።

ሽፍታው ፊትን ወይም ብልትን ከያዘ፣ ሰፊ የሰውነት ክፍል ከሸፈነ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ በቤት አይቆይም።

የአበባ ብናኝና አፍ የሚያሳክክ ፍሬ

ማንቼስተር ይኖር የነበረው ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ በየበጋው የሚያስነጥሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ራሱ ላይ ሞከረ። የሳር ብናኝ አፍንጫው ውስጥ አስገባ፣ ቆዳውን ጫር አድርጎ ቀባው፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ውጤቱን አሳተመ። ከእሱ ጀምሮ ጥፋተኛው ይታወቃል። ሰው ግን አሁንም ደማቁን አበባ ነው የሚወቅሰው። ደማቅ አበባ ንብ የሚጠብቅ ነው፣ ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ነው፣ ብዙም አይበርም። የሚያስነጥሰው ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሳርና በነፋስ የሚራባ ዛፍ ነው። በብናኝ ወቅት ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ፀጉራችሁን ታጠቡ፣ አንሶላ ደጅ አታስጡ።

ፖም፣ ካሮት ወይም ቼሪ ስትበሉ አፋችሁንና ከንፈራችሁን የሚያሳክካችሁ፣ ተቀቅሎ ወይም ተጋግሮ ሲሆን ግን ምንም የማይላችሁ ከሆነ፣ የብናኝ አለርጂው ቅጥያ ነው። የበርች ዛፍ ብናኝና እነዚህ ፍሬዎች ውስጥ የሚመሳሰል ፕሮቲን አለ፣ ሙቀት ደግሞ ያፈርሰዋል። ባብዛኛው አፍ ላይ ይቀራል፤ ጉሮሮ ከያዘ ወይም የተቀቀለውም ካስቆጣ ግን ሐኪም ይየው። ላቴክስም እንዲህ ዘመድ አለው። ከጎማ ዛፍ ስለሚገኝ ለእሱ አለርጂ የሆነ ሰው ሙዝ፣ አቮካዶና ኪዊ ሊያስቆጡት ይችላሉ። ፊኛ ሲነፉ ከንፈራቸው የሚያብጥ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ወይም የጥርስ ሕክምና ከመደረጋቸው በፊት ይህን መናገር አለባቸው፣ ሳይጠየቁም ቢሆን።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

ብልቃጦቹን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፣ ማሸጊያቸውንም ጭምር። ተክል ከሆነ በእጃችሁ ሳትነኩ ቅጠሉንና አበባውን ፎቶ አንሱ። ሽፍታውንም በየቀኑ ፎቶ አንሱ፣ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ የሚጠፋ ልማድ አለው። በማስታወሻ ደብተር ላይ የወጣበትን ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት የነካችሁትን ጻፉ።

ለፈጣኑ ዓይነት ቆዳን በትንሹ ወጋ የሚያደርግ ምርመራ አለ፣ መልሱ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ በፊት አንቲሂስታሚን ለቀናት ማቆም ስላለባችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ። ለዘገምተኛው ደግሞ የተጠረጠሩት ነገሮች በትናንሽ ፕላስተሮች ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፣ ተነስተው ይታያሉ፣ ከዚያ በአራተኛው ቀን ገደማ እንደገና ይታያሉ። በዚያ ሰሞን ጀርባችሁ ውሃም ላብም እንዳይነካው፣ ከዚያ በፊትም ጀርባችሁ ላይ የስቴሮይድ ክሬም እንዳትቀቡ፣ ፀሐይም እንዳታስመቱት። ሁለተኛውን ቀጠሮ ግን አትቅሩ። የኔ ቲ ትሪ በ48ኛው ሰዓት ምንም አላሳየም፣ በአራተኛው ቀን ነው ቀልቶ የተገኘው።